ጭምብሉና የበግ ለምዱ



በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ጥያቄ ይደርሰናል። የሚመጣው ከአረካ ወይም ከሶዶ አይደለም፤ ከወላይታ ወጥተው በአሜሪካ፥ በካናዳና በአውሮፓ ልጆች ከሚያሳድጉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነው። «ሃሎዊን ደረሰ። የክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው፥ በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ ሊሰበስቡ ነው። የእኛስ ልጆች ይውጡ? የሰው ልጆች መጥተው ሲያንኳኩስ በራችንን እንክፈት ወይስ መብራት አጥፍተን እንቀመጥ?» ይሉናል። አሁን አሁን ጥያቄው የልጆች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ትልልቆቹንም የሥራ ባልደረቦቻቸው «አንተስ ዘንድሮ ምን መስለህ ትመጣለህ?» ይሏቸዋል። በአዲስ አበባም አንዳንድ የምሽት መዝናኛ ቤቶች በዚያ ሰሞን የሃሎዊን ድግስ ሲያስተዋውቁ በስልካችን እናያለን።

እኛ የካቶሊክ ሚሲዮኑና ሆስፒታሉ ባሉባት በዱቦና በአካባቢዋ፥ በልጆች አገልግሎት የምንደክም ጥቂት የወንጌል አማኞች ነን። ሃሎዊን ሲከበር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ነገር ግን በር የሚያንኳኩ ልጆችን እናውቃለን፤ የበዓል ሌሊት እሳትን እናውቃለን፤ ያልሆነውን መስሎ ደጃፍ ላይ የሚቆም ትልቅ ሰውንም እናውቃለን። ስለዚህ ለእናንተ ስንመልስ ለራሳችንም እየመለስን ነው።

በዓሉ ከወዴት መጣ?

ስሙ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው። በምዕራቡ ዓለም ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ይከበራል፤ ሃሎዊን ማለት የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። በአየርላንድና በስኮትላንድ ያ ሰሞን መኸር አልቆ ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነበረ፤ «በዚያ ሌሊት የሙታን መናፍስት ይዞራሉ» የሚል የቆየ እምነትም ከዋዜማው ጋር ተደባለቀ። ሰዎች ፊታቸውን ይሸፍኑ፥ ሥራ ሥር ፈልፍለውም ፋኖስ ይሠሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ስደተኞቹ ልማዱን ይዘው አሜሪካ ገቡ፤ እዚያ ዱባ አገኙና ፋኖሱ ዱባ ሆነ። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚጠይቁበት የዛሬው መልክ የተስፋፋው ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ያው ቀን ለእኛ ለወንጌል አማኞች ሌላ ትዝታም አለው። ማርቲን ሉተር 95ቱን የመከራከሪያ ነጥቦች ያወጣው ኦክቶበር 31 ቀን 1517 እ.ኤ.አ. ነው። የዊተንበርግ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተሰየመችው በቅዱሳን ሁሉ ስም ነበርና፥ በበዓሉ ብዙ ሕዝብ ይመጣ ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እዚያው ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። እንግዲህ ቀኑን በራሱ አንፈራውም። ቀን ሁሉ እግዚአብሔር የሠራው ነው (መዝሙር 118፥24)።

ቀኑን አንፈራም ማለት ግን የሚደረገውን ሁሉ እንቀበላለን ማለት አይደለም። የወላይታ አያቶቻችን የጣላሄን ፍርሃት ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ኖረውበታል። ለእነርሱ የሙታን መንፈስ የልጆች ጨዋታ አልነበረም፤ በሬ የሚያሳርድ፥ ጠንቋይ ደጅ የሚያስጠና፥ እንቅልፍ የሚነሣ ጌታ ነበር። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ሶዶ የደረሱት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ በ1937 ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱት ሚሲዮናውያን በሺህ የሚቆጠሩ አማኞችን አገኙ። ከዚያ ባርነት በዚህ ዋጋ የወጣ ሕዝብ፥ ልጁን ጠንቋይ ወይም ሬሳ አስመስሎ ለማልበስ እጁ አይታዘዝለትም። የእግዚአብሔርም ቃል በዚህ ላይ ግልጽ ነው (ዘዳግም 18፥10-12)።

ስለዚህ ለጠየቃችሁን የምንመልሰው አጭር ነው። ልጆቻችሁን የሞትና የጥንቆላ መልክ አታልብሷቸው። ቀኑን ጨርሶ ለማለፍ ኅሊናው የሚያዝዘው ወላጅ ይለፈው፤ ሌላውም አይፍረድበት (ሮሜ 14፥5)። በራችሁን ግን ክፈቱ፤ መብራታችሁንም አብሩ። በዓመት አንድ ጊዜ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋር ሳይጠሩ ደጃችሁ የሚመጡበት ሌሊት ነው። አማኝ በዚያ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የማይኖር ከመሰለ፥ ጎረቤቱ ስለ ጌታ ብርሃን ከማን ይስማ? ከረሜላውን እፍኝ ሙሉ ስጡ፤ የልጁን ስም ጠይቁ፤ በልባችሁም ባርኩት።

የእኛም ልጆች ያንኳኳሉ

በር ማንኳኳት ለአገራችን ልጆች ባዕድ አይደለም። ነሐሴ 13 ለቡሄ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ድሮ ሙልሙል ይሰጣቸው ነበር፥ ዛሬ በከተማው ብር ሆኗል። ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹም የሳሉትን ሥዕል ያድላሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ መስከረም ሲጋመስ ጊፋታ ይመጣል፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ። ሙቿው በቅቤ ይርሳል፤ ጉሊያ ይለኮሳል፤ ወጣቱ ሀያያ ሌኬ እያለ ይጨፍራል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ በሩቅ አገር ያለ ዘመድ ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል።

ከእነዚህ በዓላት የትኛውን፥ እስከ ምን ድረስ እንያዝ የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው። ልናሳያችሁ የፈለግነው አንድ ልዩነት ነው። ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ ፊቱ ይታያል። የቤቱ እመቤት በሩን ከፍታ፦ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ? እናትህ እንዴት ናት?» ትለዋለች። ቀን ቢጨልምበት ወደ ቤቱ የምትሸኘው እርሷ ናት፤ ቢያጠፋ የምትቆጣውም እርሷ ናት። ልጁን የጠበቀው መታወቁ ነው። እርሱም ያንኳኳው የሚያውቀውን በር ነው።

ይህን ስንል ልጆች በሌሊት ሲወጡ የሚያገኛቸውን እውነተኛ አደጋ መመልከት አለብን። በአሜሪካ ከ1975 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ያለውን የ42 ዓመት የመኪና አደጋ መዝገብ የመረመረ ጥናት ታትሞ ነበር። በሃሎዊን ምሽት እግረኞች በመኪና ተገጭተው የሚሞቱበት አደጋ፥ ከሳምንት በፊትና ከሳምንት በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር ሲነጻጸር በ43 በመቶ ይበልጣል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች ደግሞ 10 እጥፍ ነው። ወላጆች መንፈስን ወይም የተመረዘ ከረሜላን ሲፈሩ፥ ልጆቹን ሲገድል የኖረው መንገዱ ነው።

የዱቦ መንገድም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በሶዶና በሆሳዕና መካከል የሚመላለሰው አይሱዙ የበዓል ሰሞን ነው ብሎ አይቆምም፤ ሞተረኛውም ሲመሽ መብራቱን አብርቶ መሄዱ አያስተማምንም። ስለዚህ እዚህም ሆነ እዚያ የምንመክረው ተመሳሳይ ነው። ትንሽ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ይሂድ፤ «ወንድሙ አብሮት አለ» ሲባል ወንድሙ የ9 ዓመት ልጅ ከሆነ ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው። ሲመሽ ነጭ ነገር ይልበሱ፤ በእኛ አገር አንድ ነጠላ ይበቃል፥ በውጭ አገር ብርሃን የሚመልሰውን ጨርቅ ልብሱ ላይ ስፉበት። ዓይንን የሚሸፍን ጭምብልና እግር የሚጠልፍ ረጅም ልብስ ይቅር። ናይሎን ልብስ ለብሶ ወደ ሻማም ሆነ ወደ ችቦ የሚቀርብ ልጅ አይኑር፤ ናይሎን ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከመውጣታቸው በፊት እራት ይብሉ፤ የጠገበ ልጅ ያገኘውን ሁሉ መንገድ ላይ አይበላም። ያመጡትንም ወላጅ አይቶ ይስጣቸው።

ስለ ተመረዘ ከረሜላ ካነሣን፥ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ የ8 ዓመት ልጅ በሃሎዊን ሌሊት የተመረዘ ከረሜላ በልቶ ሞተ። መጀመሪያ የተጠረጠረው እንግዳ ሰው ነበር። ፖሊስ ሲመረምር መርዙን የሰጠው የገዛ አባቱ ሆኖ ተገኘ፤ በልጁ ስም የገባውን የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ያ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ነበረ። ጌታችን፦ ልጁ ዓሣ ሲለምነው እባብ የሚሰጥ አባት ከእናንተ ማን ነው? ብሎ የጠየቀው (ሉቃስ 11፥11) መልሱ «ማንም» እንዲሆን ነበር። በዚያ ቤት ግን አባትነቱና ዲቁናው ጭምብል ሆነው ነበር። እንግዲህ ከልጆቹ ልብስ ወደ ትልልቆቹ ልብስ እንለፍ።

የትልልቆች ልብስ

መጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ሰው መስለው ስለ ለበሱ ሰዎች ብዙ ይናገራል፤ የሚገርመው ግን ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፥ በእጁ ላይ የፍየል ጠቦት ለምድ አድርጎ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን አታለለ (ዘፍጥረት 27)። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ልብስና የተጠጋገነ ጫማ አድርገው፥ የሻገተ እንጀራ ይዘው ኢያሱን ቃል ኪዳን አስገቡት (ኢያሱ 9)። የኢዮርብዓም ሚስት ማንነቷን ለውጣ ወደ ነቢዩ ወደ አኪያ ሄደች፤ ነቢዩ በእርጅና ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ የእግሯን ኮቴ ሰምቶ «የኢዮርብዓም ሚስት ሆይ፥ ግቢ» አላት (1ኛ ነገሥት 14)። ንጉሡ አክዓብ ሌላ ሰው መስሎ ወደ ጦርነት ገባ፤ ሳያነጣጥር የወረወረው ሰው ፍላጻ አገኘው (1ኛ ነገሥት 22)።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሳኦል ነው። መናፍስት ጠሪዎችን ከአገሩ ያጠፋ ንጉሥ፥ እግዚአብሔር ዝም ባለው ጊዜ ሌላ ልብስ ለብሶ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሴት ሄደ (1ኛ ሳሙኤል 28)። ቀን ቀን በአደባባይ የሚያወግዘውን ነገር ማታ ማታ ተሸፍኖ ፈለገው። ሃሎዊንን በመድረክ ላይ እየረገመ፥ በሌሊት ግን ዕጣ ፈንታውን ለማወቅ ባለ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ሰው የሳኦልን ልብስ ለብሷል።

ጌታ ኢየሱስ ፈሪሳውያንን የጠራበት ቃልም ከዚሁ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። እኛ «ግብዝ» ብለን የተረጎምነው የግሪክ ቃል በቲያትር የሚጫወትን ሰው የሚያመለክት ነበር፤ በዚያ ዘመን ተዋናይ መድረክ ላይ የሚወጣው ጭምብል አድርጎ ነው። ጌታ ሊያስጠነቅቀን የወደደውም የሚያስፈራውን መልክ አልነበረም። ተኩላው የበግ ለምድ ለብሶ ይመጣል አለን (ማቴዎስ 7፥15)። ጳውሎስም ሰይጣን ራሱ የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚለወጥ ጻፈ (2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14)። ቀንድና ጭራ ያለው ጭምብል የሚሸጠው በሱቅ ነው፤ ሰይጣን ግን ያንን ገዝቶ አያውቅም። ነጭ ይለብሳል፤ ለስላሳ ይናገራል፤ በጸሎት ይጀምራል።

ልጆቻችንን ከጠንቋይ ልብስ ጠብቀን ከበግ ለምድ ካልጠበቅናቸው፥ ገና አልጠበቅናቸውም።

መስከረም ሲያልፍ ደጃችን የሚቆመው

ይህ ለእኛ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ጊፋታና መስቀል ሲደርሱ ከአዲስ አበባ፥ ከሐዋሳና ከሌላውም ከተማ ወንዱም ሴቱም ይመጣል። ይህ ታላቅ ደስታ ነው፤ እናቶች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ነው። ከሚመጡት መካከል ግን አንዳንዱ ሲመለስ ብቻውን አይመለስም። አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ስልኩ ትልቅ ነው፤ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ያድላል። አንዲት ልጆች የበዙባትን፥ መሬቷ የጠበበባትን እናት ደጃፍ ላይ ይቆምና፦ «እናቴ፥ አይዞሽ። ይህን ልጅ ስጪኝ። ጠዋት ይማራል፥ ከሰዓት እኔ ጋ ትንሽ ይሠራል። እንደ ገዛ ወንድሜ ነው የማየው፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» ይላታል። ቡናው ይፈላል፤ ይጸለያል፤ «አሜን» ይባላል። በማግሥቱ ልጁ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚወስደው ጉዞ መኪና ላይ ነው።

ከተማ የወጣ ልጅ ሁሉ ጠፋ አንልም። ተምረው፥ ሠርተው፥ ወላጆቻቸውን ጦረው የተመለሱ አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ወላይትኛ የሚናገረውን ልጅ ያላየ ማን አለ? ሌላው በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከማለዳ እስከ ሌሊት ይቀመጣል። ሴቷ ልጅ በሰው ቤት ደመወዟን «አክስት ነኝ» ያለችው ሴት ትቀበልላታለች። ያገኘው ብር ለወሰደው ሰው ይገባል፤ ትምህርቱ አልተጀመረም፤ ስልክ የለውም፤ የመንደሩን መንገድ አያውቅም። ወሳጁ ራሱም አንዳንድ ጊዜ በልጅነቱ እንዲሁ የተወሰደ ሰው ነው፤ የተደረገበትን መልሶ ያደርጋል።

ሕጉ ይህን ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ በሰው መነገድን ከባድ ወንጀል ያደርገዋል። ነገር ግን ሕግ የሚሠራው አንድ ሰው ሲናገር ነው፤ የሚናገረውም ለምዱን ገልጦ ያየው ሰው ነው።

እነሆ፥ በውጭ አገር ልጆች ጭምብል አድርገው በማያውቋቸው ሰዎች ደጃፍ ከረሜላ በሚለምኑበት በዚያው ሰሞን፥ እኛ ዘንድ ከረሜላ ይዞ የሚያንኳኳው ትልቁ ሰው ነው። ጭምብልም የለውም። ፊቱ ይስቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፥ ፍቅር መጠየቅን አይከለክልም። «የወንድም ልጅ ነው፥ ምን ብዬ ልጠይቀው» የሚል እፍረት በአካባቢያችን ብዙ በር ከፍቷል። ልጅ ሊወስድ የመጣን ሰው እነዚህን ጠይቁት፦ የምትኖርበት ሰፈርና ቀበሌ የት ነው? የቤት አከራይህ ወይም የቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌ ስልክ ስንት ነው? ልጁ በየስንት ቀኑ ይደውላል? የሚማርበት ትምህርት ቤት ማን ይባላል? ከሁሉ በላይ አንዲት ወረቀት ትፈትነዋለች፤ እርሷም የትምህርት ቤት መሸኛ ናት። ሊያስተምረው የሚወስደው ሰው መሸኛ ሳያወጣለት አይሄድም። መሸኛውን ካልጠየቀ ልጁን የፈለገው ለትምህርት አይደለም። እውነተኛ ዘመድ በዚህ አይቆጣም፤ የሚቆጣ ከሆነ ቁጣው መልስ ነው።

ሁለተኛ፥ ልጆቻችንን ድምፅ እንዲለዩ እናስተምራቸው። ጌታ ስለ በጎቹ ሲናገር እረኛቸውን በድምፁ ያውቁታል፥ ከእንግዳ ግን ይሸሻሉ አለ (ዮሐንስ 10፥4-5)። በቤታችሁ አንድ የምሥጢር ቃል ይኑር፤ «እናትህ ልካኝ ነው» የሚል ሰው ያንን ቃል ካላወቀ ልጁ አይከተለው። ትልቅን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጅ «አይሆንም» ብሎ ሲሮጥ አልባለገም በሉት። ከትልቅ ሰው ጋር በምሥጢር የሚያዝ ነገር እንደሌለም ንገሩት፤ ሰውየው አጎቱም ቢሆን፥ አገልጋይም ቢሆን።

ሦስተኛ፥ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በስም ትወቅ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ እረኛው 99ኙን ትቶ አንዱን የፈለገው መጉደሉን ስላወቀ ነው (ሉቃስ 15፥4)። እኛ ከጊፋታ በኋላ ባሉት እሑዶች ስም መጥራትን እንደ አገልግሎት ይዘነዋል። የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። «አዲስ አበባ ሄደ» ከተባለ ስልክ ይጠየቃል፤ ይደወላል፤ ልጁ ራሱ በድምፁ ያናግረናል። ካልተገኘ ወደ ቀበሌው፥ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮና ወደ ፖሊስ ይኬዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢም ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም፤ ማንም ቢሆን። ይህ ሥርዓት እውነተኛውን እረኛ አያሰድበውም፤ ይጠብቀዋል።

አራተኛ፥ ለልጅ ከሚገዛው ልብስ ሁሉ በእኛ አገር የሚጠብቀው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ዩኒፎርም ለብሶ የሚውልን ልጅ መምህሩ ያውቀዋል፥ ጎደኞቹ ይጠሩታል፥ ሲቀር ይጠየቃል። ደብተር፥ እስክሪብቶና ዩኒፎርም የጎደለበት ቤት ግን ለደላላው ክፍት በር ነው። እናንተ በውጭ ያላችሁ ወገኖች፥ ለሃሎዊን ከረሜላና ልብስ የምታወጡት አይጠፋም፤ በዚያው መጠን ለአንድ የዱቦ ልጅ ዩኒፎርም ብትልኩ፥ አንዲት እናት ለዚያ ፈገግተኛ ሰው «አይ፥ ልጄ እዚሁ ይማራል» ለማለት አቅም ታገኛለች።

በመጨረሻም ለእኛ ለትልልቆቹ። «በመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ምን መስዬ ልሂድ?» ላላችሁን፥ ነውር የሌለበት ባርኔጣ አድርጎ ከባልደረባ ጋር መሳቅ ሰውን አያረክሰውም፤ ሲመሽ ይወልቃል። የማይወልቀውን እንፍራ። እሑድ የምንለብሰውን፥ ለመጋቢው የምናሳየውን፥ በቤታችን ያሉ ልጆች ግን ሌላ መሆኑን የሚያውቁትን ፊት እንፍራ። ልጅ በጨለማ ሲወጣ የሚያስፈልገው በቤትም በደጅም አንድ ዓይነት ፊት ያለው ትልቅ ሰው ነው። ያንን ፊት ካየ በማንኛውም ሌሊት እጁን ይይዛል፤ አንድ ነገር ቢያገኘውም ሮጦ መጥቶ ይነግረዋል። ፊቱ በየቦታው ለሚለዋወጥ ሰው ግን ልጅ ምሥጢሩን አይነግርም።

ጌታ እንዲህ ያለ ፊት ሊሰጠን ይችላል። ባልተሸፈነ ፊት የእርሱን ክብር የሚያዩ እርሱን ወደ መምሰል ይለወጣሉ ተብሎ ተጽፎአልና (2ኛ ቆሮንቶስ 3፥18)። ሌሊቱ እያለፈ ነው፤ ልንለብሰው የታዘዝነውም ልብስ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ ነው (ሮሜ 13፥12-14)። ይህ ልብስ ያልሆነውን አያስመስልም፤ እንድንሆን የተፈጠርንለትን ያደርገናል።

እንጸልይ

አባት ሆይ፥ አንተ የተሸፈነውን ሁሉ የምታይ አምላክ ነህ። በሩቅ አገር በጨለማ በር የሚያንኳኩትን ልጆች ከመንገድና ከእሳት ጠብቅልን። ከእኛ መንደር ወጥተው ድምፃቸው የጠፋውን በስማቸው ታውቃቸዋለህና አንተ ፈልጋቸው፤ እኛንም ለፍለጋው ላከን። በእናቶች ደጃፍ የቆመውን የበግ ለምድ ግለጠው፤ ለለበሰውም ሰው ንስሐን ስጠው። እኛን ደግሞ በቤትም በደጅም አንድ ፊት ስጠን፤ ልጆቻችን እኛን አይተው ወደ አንተ ለመቅረብ እንዳይፈሩ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ተባረኩ።